ከጽዳት ዘመቻ ባሻገር፦ ተማሪዎች የሰፈራቸውን የአካባቢ ፍትህ ጥያቄ የሚያጠኑበትና መፍትሔ የሚጠይቁበት መመሪያ

የትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ሥራ ብዙውን ጊዜ ሦስት ነገር ነው፦ በክረምት ችግኝ ይተክላል፣ በወሩ መጨረሻ ግቢ ያጸዳል፣ በሚኒ ሚዲያ ስለ ደን ግጥም ያነብባል። ሦስቱም የሚጠሉ አይደሉም። ነገር ግን ተማሪው ቅዳሜ የለቀመውን ፌስታል ማክሰኞ እዚያው ወንዝ ዳር ተመልሶ ሲያገኘው "ለምን ሁልጊዜ እዚህ?" ብሎ ይጠይቃል፤ ክበቡ ደግሞ ለዚህ ጥያቄ መልስ የለውም። የአካባቢ ፍትህ የሚጀምረው ከዚህ ነው። ጉዳቱ የሚያርፈው ማን ላይ ነው? ጥቅሙን ማን ይወስዳል? ሲወሰን ማን ተጠየቀ፣ ማንስ ሳይጠየቅ ቀረ?

መመሪያው ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ ተማሪዎችን ለሚመሩ መምህራን ነው። ምሳሌ የሚሆኑን የአዲስ አበባ ወንዞች ናቸው። ከእንጦጦና ከወጨጫ በኩል የሚነሱት ጅረቶች ከተማዋን አቋርጠው፣ በትልቁና በትንሹ አቃቂ ተጠቃልለው አባ ሳሙኤል ግድብ ይገባሉ፤ ከዚያም ወደ አዋሽ። በመንገዳቸው የሽንት ቤት ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የፋብሪካ ዝቃጭና ደረቅ ቆሻሻ ይቀበላሉ። ታች ሲደርሱ ደግሞ የጎመን፣ የቆስጣና የሰላጣ ማሳ ይጠጣቸዋል፣ ከብትም ይጠጣቸዋል። ላይኛው የጣለውን የሚቀበለው ታችኛው ነው። ኮምቦልቻ ያለ ትምህርት ቤት ቦርከናን፣ ሞጆ ያለው የሞጆን ወንዝ ይዞ ይህንኑ መሥራት ይችላል።

ከመጀመርዎ በፊት፦ ጊዜ፣ ሰውና ደብዳቤ

ሥራው አሥር ሳምንት ይፈጃል፦ በሳምንት አንድ የሁለት ሰዓት የክበብ ጊዜ፣ በተጨማሪም አራት ወይም አምስት የመስክ ቀን። በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንት ይጀምሩ። ክረምቱ ወጥቶ ወንዙ ይጎድላል፣ ጭቃው ይደርቃል፤ ታህሳስ ሲያልቅ ሥራው ስለሚጠናቀቅ ከመንፈቅ ዓመቱ ፈተና ጋር አይጋጭም። በሐምሌና በነሐሴ ወንዝ ዳር ምንም ሥራ አይኑር።

ከ20 እስከ 25 ተማሪ ይበቃል። በአምስት ቡድን ይከፍሏቸዋል፤ ለእያንዳንዱ ቡድን መዝጋቢ፣ ሰዓት ያዥ፣ ለኪና ጠያቂ ይመደባል። ሚናው በየመስክ ቀኑ ይቀያየር፤ ካልሆነ ሴቶቹ ሁልጊዜ ጸሐፊ፣ ወንዶቹ ሁልጊዜ ለኪ ሆነው ይቀራሉ። ወደ መስክ ሲወጡ ለሰባት ተማሪ አንድ አዋቂ ያስፈልጋል። ከወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት አባላት መካከል የሰፈሩን ሰው የሚያውቁ ሁለት ወላጆች ቢገኙ ከየትኛውም መሣሪያ በላይ ይጠቅማሉ።

ሦስት ወረቀት ሳይያዝ አይወጣም። አንደኛው የርዕሰ መምህሩ ፈቃድ ነው። ሁለተኛው ወላጅ የፈረመበት ስምምነት ሲሆን፣ የት፣ መቼ፣ ከማን ጋር እንደሚሄዱና ውሃ ውስጥ እንደማይገቡ በግልጽ ይጻፍበት። ሦስተኛው ለወረዳው የሚሄድ የትብብር ደብዳቤ ነው፤ የተማሪዎቹ ስም ዝርዝር፣ የመስክ ቀናቱና የትምህርት ቤቱ ማህተም ይኖርበታል። ስልክ ይዘው ወንዝ ዳር የሚዞሩ ተማሪዎችን የጥበቃ ሠራተኛ ወይም ደንብ አስከባሪ "ምን እየቀረጻችሁ ነው?" ብሎ ማስቆሙ አይቀርም። ደብዳቤው በአስተባባሪው እጅ ካለ ጉዳዩ በአምስት ደቂቃ ያልቃል፤ ከሌለ የመስክ ቀኑ ባክኗል ማለት ነው። የፖሊስና የወታደር ተቋም፣ የፋብሪካ በርና የሰው ፊት ፎቶ እንዳይነሳ አስቀድመው ይስማሙ።

1. ጥያቄውን አጥብቡ

በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዱ ተማሪ በሁለት ቁራጭ ወረቀት ላይ በሰፈሩ የሚያስቸግረውን ሁለት ነገር ይጽፋል። ወረቀቶቹ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው በዓይነት ይመደባሉ፤ ሽታ፣ የቆሻሻ ገንዳ፣ የውሃ ፈረቃ፣ ጎርፍ፣ የድንጋይ ወፍጮ አቧራ፣ የሚቃጠል ፕላስቲክ ጭስ። ከዚያ እያንዳንዱን በአራት ማጣሪያ ያሳልፉት፦ ከትምህርት ቤቱ በ20 ደቂቃ እግር ይደረሳል? የሚቆጠር ወይም የሚለካ ነገር አለው? የሚወስንበት መሥሪያ ቤት ይታወቃል? ሁለት ቦታ ማወዳደር ይቻላል?

አራተኛው ማጣሪያ ዋናው ነው። ፍትህ የሚታየው በንጽጽር ብቻ ነው። "የአቃቂ ወንዝ ብክለት" የዶክትሬት ርዕስ እንጂ የክበብ ጥያቄ አይደለም። "ከድልድዩ በላይና በታች ባሉት ሁለት መንደሮች የቆሻሻ ገንዳው በሳምንት ስንት ጊዜ ይነሳል? ገንዳው ከቤቶች ደጃፍ ስንት ሜትር ይርቃል?" የሚለው ግን በአሥር ሳምንት ያልቃል፣ መልሱም የሚላክበት ቢሮ አለው።

ወደ መስክ ከመውጣታችሁ በፊት አንድ የክፍል ጊዜ ለቆሼ ስጡ። ቆሼ የሚባለው የረጲ ቆሻሻ መጣያ ለግማሽ ክፍለ ዘመን ያህል የከተማዋን ቆሻሻ ሲቀበል ከርሞ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ሞቷል። ከዚያ በፊት በ2008 ዓ.ም. መጣያው ወደ ሰንዳፋ ተዛውሮ ነበር፤ የአካባቢው ገበሬዎች አጥብቀው በመቃወማቸው ግን በጥቂት ወራት ውስጥ ቆሻሻው ወደ ረጲ ተመለሰ። ተማሪዎቹ ሁለቱን አንድ ላይ ይመልከቱ። የሰንዳፋ ገበሬ የከተማ ቆሻሻ በማሳው አጠገብ እንዳይከመር መከልከሉ ትክክል ነው፤ በረጲ ክምር ሥር የሚኖረው ሰውም ከአደጋ መጠበቅ ነበረበት። "ታዲያ የት ይጣል?" የሚለው ክርክር "ማን ነው እንዲህ ብዙ የሚጥለው? መጀመሪያ የሚጠየቀውስ ማን ነው?" ወደሚል ይወስዳቸዋል። ክፍሉ ውስጥ በዚያ አደጋ ዘመድ ያጣ ተማሪ ሊኖር ስለሚችል አስቀድመው ለብቻ ይጠይቁ። ቦታውን ለማየት ተማሪ ይዞ መሄድ ግን ተገቢ አይደለም፤ የሰዎች መቃብር የሆነ ቦታ ነው።

2. ካርታውን በእግር ሥሩ

ሁለት የፍሊፕ ቻርት ወረቀት በርዝመት ቢያያዙ ከ1 ሜትር በላይ ይሆናሉ። 1 ሴንቲ ሜትር ለ10 ሜትር ከተያዘ 1 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳር ሙሉ ለሙሉ ይገባበታል። ርቀት ለመለካት ጂፒኤስ የግድ አይደለም። በትምህርት ቤቱ ሜዳ 50 ሜትር በሜትር ለክተው፣ እያንዳንዱ ተማሪ በተለመደ አካሄዱ ሦስት ጊዜ ሄዶ እርምጃውን ይቁጠር። አማካዩ 72 እርምጃ ከሆነ አንዱ እርምጃ 0.69 ሜትር ነው፤ ያ ቁጥር በተማሪው ደብተር የመጀመሪያ ገጽ ይጻፍ።

በካርታው ላይ የሚሰፍሩት፦ ወደ ወንዙ የሚገቡ ቱቦዎችና ቦዮች ሁሉ፣ የቆሻሻ ገንዳዎች፣ የጋራ ሽንት ቤቶች፣ ጋራዥና የመኪና እጥበት፣ የአትክልት ማሳ፣ ልብስ የሚታጠብበትና ልጆች የሚጫወቱበት ቦታ፣ የጎርፍ ምልክት ያለባቸው ግድግዳዎች። ጉዳት የሚያመጡት በቀይ፣ ሰው ወንዙን የሚጠቀምባቸው በሰማያዊ ይቀለሙ። ቀዩና ሰማያዊው የሚቀራረቡበት ቦታ የቀጣዩ ሥራችሁ ማዕከል ነው። ካርታው ላይ የቤት ቁጥርና የሰው ስም እንዳይገባ፤ ምክንያቱን በአራተኛው ክፍል እናብራራለን።

3. ወንዙን መለካት

መጀመሪያ ደህንነት። ማንም ውሃው ውስጥ አይገባም፤ ናሙና የሚወሰደው ከድልድይ ላይ ወይም ከደረቅ ዳር፣ ገመድ በታሰረ ባልዲ ነው። የተሸፈነ ጫማ፣ ወፍራም የጎማ ጓንት፣ ሳሙናና 5 ሊትር ንጹህ ውሃ አብሮ ይሂድ። እጁ ላይ ቁስል ያለበት ተማሪ የዚያን ቀን መዝጋቢ ይሁን። ዳሩ ላይ መርፌና ስባሪ ጠርሙስ ስለሚጣል በእጅ ምንም አይነሳ። ታች ፀሐይ እያለ እንጦጦ ላይ ደመናው ከጠቆረ ወዲያውኑ ውጡ፤ ላይ የዘነበው ዝናብ ታች ሳይካፋ እንኳ ደራሽ ውሃ ሆኖ ይመጣል።

ሦስት ነጥብ ይምረጡ። "ሀ" ከተጠረጠረው ቱቦ ወይም ቦይ በላይ፣ "ለ" ከሱ በታች 100 ሜትር ገደማ፣ "ሐ" ከሱ በታች 500 ሜትር ገደማ። ብዙ ክበብ "ለ"ን ከቱቦው አፍ ሥር ይወስደዋል። እዚያ ፍሳሹ ገና ከወንዙ ስላልተቀላቀለ በአንደኛው ዳር ብቻ ተለጥፎ ይሄዳል፤ ባልዲው በየትኛው ዳር እንደተጣለ ቁጥሩ ይለያያል። "ሀ" ከሌለ ደግሞ መለኪያው ሁሉ ዋጋ ያጣል፤ ወንዙ እዚያ ከመድረሱ በፊት ቆሽሾ እንደነበር ለሚጠይቅ ሰው መልስ አይኖርም።

በእያንዳንዱ ነጥብ ባልዲውን በዚያው ውሃ ሦስት ጊዜ አለቅልቀው አራት ነገር ይመዝግቡ።

ሙቀት፦ በአልኮል ቴርሞሜትር፣ ጥላ ሥር፣ ውሃው በተቀዳ በአንድ ደቂቃ ውስጥ። የሜርኩሪ ቴርሞሜትር ለመስክ አይወሰድም።

ፒኤች (ውሃው አሲድ ወይም ቤዝ መሆኑን የሚያሳይ ቁጥር)፦ ከ1 እስከ 14 በሚለካ ወረቀት። ወረቀቱ እርጥበት ካገኘው ይበላሻልና ጠዋት ከመውጣታችሁ በፊት በሎሚ ጭማቂ (2 ገደማ) እና በቤኪንግ ሶዳ ውሃ (8 ገደማ) ፈትኑት። ውሃው ቀለም ካለው ወረቀቱን ራሱን ያቀልመዋል። እንዲህ ሲሆን ውሃውን 10 ደቂቃ አስቀምጠው ከላይ በጠለለው ይንከሩ፤ አሁንም ከቀለመ "አልተነበበም" ተብሎ ይጻፍ እንጂ አይገመት።

የውሃው ጥራት ለዓይን፦ ከቤተ ሙከራ ረጅም የመለኪያ ሲሊንደር ተውሰው ከሥሩ ጥቁር የኤክስ ምልክት ያለበት ነጭ ወረቀት ያድርጉ። ከላይ እየተመለከቱ ምልክቱ እስኪጠፋ ውሃ ይጨምሩ፤ የውሃው ከፍታ በሴንቲ ሜትር ይጻፍ። ቁጥሩ ሲያንስ ድፍርሱ በዝቷል ማለት ነው። አንዱ ተማሪ አንብቦ ሌላው ሳያይ ደግሞ ያንብብ፤ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ከተለያዩ ይደገም።

ሽታ፣ ቀለም፣ አረፋ፦ "ይሸታል" አይበቃም። የበሰበሰ እንቁላል፣ የሽንት ቤት፣ የናፍጣ፣ የቆዳ፣ የሳሙና ተብሎ በዓይነቱ ይጻፍ። ባልዲውን አፍንጫ ላይ ደፍቶ ማሽተት ክልክል ነው፤ በእጅ ወደ ራስ ማራገብ ይበቃል።

ልኬቱ በሦስት የተለያዩ ቀኖች ይደረግ፦ አንድ የሥራ ቀን ጠዋት፣ አንድ የሥራ ቀን ከሰዓት፣ አንድ እሁድ። በሥራ ቀን ጠቁሮ እሁድ የሚጠራ ውሃ ምንጩን ይጠቁማል። እሁድም የማይለወጥ ከሆነ ከቤቶች የሚመጣ ፍሳሽ ድርሻው ትልቅ ሳይሆን አይቀርም።

የወንዙ ፍጥነትም ይጠቅማል። ዳሩ ላይ 10 ሜትር ለክተው ሎሚ ይጣሉ፤ ስንት ሰከንድ እንደፈጀበት አምስት ጊዜ ይለኩ። አማካዩ 25 ሰከንድ ከሆነ የገጹ ፍጥነት በሰከንድ 0.4 ሜትር ነው፤ ገጹ ከሥሩ ስለሚፈጥን በ0.85 ሲባዛ 0.34 ሜትር ይሆናል። በዚህ ፍጥነት ውሃው 1.5 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 1 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ገደማ ይፈጅበታል። ላይ ያለው ቡድን ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ሰማያዊ ፍሳሽ ካየ፣ ታች ያለው ቡድን 4፡15 ገደማ ይጠብቀዋል። ሁለቱ ከተገጣጠሙ ጥሩ ማስረጃ ነው።

ስለ ሰዓት ካነሳን፣ መዝገቡን የሚያበላሸው ትልቁ ነገር ይኸው ነው። ተማሪው በደብተሩ "ጥቅምት 22፣ 3፡20" ብሎ ሲጽፍ ስልኩ ፎቶው ላይ በፈረንጅ ቀንና ሰዓት ያትማል። ከወር በኋላ የትኛው ፎቶ የትኛውን ልኬት እንደሚያስረዳ ማወቅ ይቸግራል። በመመዝገቢያ ቅጹ ላይ ለሁለቱም አቆጣጠር የተለየ ሣጥን ይኑር።

የፒኤች ወረቀትና ሲሊንደር የማይነግሯችሁን ደግሞ እወቁ። ክሮሚየም፣ እርሳስና የመሳሰሉት ከባድ ብረቶች በቤተ ሙከራ ብቻ ይታወቃሉ፤ ፒኤች 7 የሆነ ውሃ መርዝ ሊኖርበት ይችላል። በአቅራቢያ ያለ ዩኒቨርሲቲ ለመርዳት ፈቃደኛ ከሆነ ከብዙ ነጥብ ይልቅ ከ"ሀ" እና ከ"ለ" አንዳንድ ሊትር መውሰድ ይሻላል። ጠርሙሱን ከቤተ ሙከራው ይቀበሉ፤ ለብረት የሚሆነው ናሙና እዚያው አሲድ ይደረግበታል፣ ለባክቴሪያ የሚሆነው በበረዶ ሣጥን ተይዞ በተቻለ መጠን በ6 ሰዓት ውስጥ መድረስ አለበት። ማን ቀዳው፣ ስንት ሰዓት፣ ለማን አስረከበ የሚል ወረቀት ከጠርሙሱ አይለይ።

4. ሰውን መስማት

ከሁለቱ መንደሮች ከእያንዳንዳቸው 15 ቤት ይበቃል። የሚያውቁትን ቤት መርጠው እንዳይገቡ በየአምስተኛው በር ያንኳኩ። ጠዋት ብቻ ከሄዱ የሚያገኙት ቤት የዋሉትን ነው፤ ግማሹን ቅዳሜ ከሰዓት ያድርጉት። የአትክልት ገበሬዎችን፣ የደረቅ ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበር አባላትንና የዕድር ዳኛውን ለብቻ ያነጋግሩ። አፋን ኦሮሞ ወይም ጉራጊኛ የሚቀላቸው እናት ካሉ ቋንቋውን የሚችል ተማሪ ይጠይቃቸው።

ተማሪው መጀመሪያ ራሱን፣ ትምህርት ቤቱንና የመጣበትን ጉዳይ ይናገር፤ "እማማ፣ መመለስ የማይፈልጉትን መተው ይችላሉ፤ ስምዎንም አንጽፍም" ይበል። ጥያቄው መልሱን የሚነግር አይሁን። "ፋብሪካው ውሃውን አበላሽቶብዎታል?" ከተባሉ ብዙዎች አዎ ይላሉ፤ መልሱ ግን አይጠቅምም። "ይህን ወንዝ ለምን ለምን ይጠቀሙበት ነበር? አሁንስ? ለውጡን መቼ አስተዋሉ?" ይሻላል። በመጨረሻ ሁልጊዜ ይህ ይጠየቅ፦ "ስለዚህ ነገር ከዚህ በፊት የጠየቀዎት ወይም ስብሰባ የጠራዎት አለ?" ተሳትፎ አልነበረም የሚለው ግኝት ብዙ ጊዜ ከፒኤች ቁጥሩ ይበልጣል።

እዚህ ላይ አጥብቀን የምንለው አለ። የተማሪ ጥናት ድሃውን ሊጎዳ ይችላል። "በአቃቂ ውሃ የሚለማ ሰላጣ ተመርዟል" የሚል ፖስተር ማግስቱን የገበሬውን ገበያ ይዘጋል፤ ቱቦውን ግን አይዘጋም። "ከወንዝ ዳር ቤቶች ሽንት ቤት ይለቀቃል" የሚል ፎቶ የቤቱን ሰው ለቅጣት ወይም ለመነሳት ሊዳርግ ይችላል፤ በዚያ ሰፈር የፍሳሽ መስመር መቼም አልተዘረጋ ይሆናል። ስለዚህ ስም፣ የቤት ቁጥርና ፊት አይመዘገብም፤ ቤቶቹ "ሀ-1"፣ "ሀ-2" እየተባሉ ይጻፋሉ፣ ዝርዝሩ በመምህሩ ቁልፍ ሥር ይቀመጣል። እያንዳንዱ ግኝት ከመውጣቱ በፊት ተማሪዎቹ "ይህ ነገር ቢነገር ነገ ጠዋት የሚጎዳው ማን ነው?" ብለው ይመልሱ። መልሱ ተጎጂው ራሱ ከሆነ አጻጻፉ ይቀየራል፤ ስለ ሰላጣው መጻፉ ቀርቶ ስለ ፍሳሹና ለገበሬው መቅረብ ስለሚገባው ንጹህ የመስኖ ውሃ ይጻፋል።

ወንዝ ለሌለው ትምህርት ቤት፦ የውሃ ፈረቃ

ይህ ያለ ምንም መሣሪያ ይሠራል። ከሁለት ሰፈር አሥር አሥር ተማሪ ለአራት ሳምንት በቤቱ ቅጽ ይሞላል፦ ውሃ የመጣበት ቀን፣ ስንት ሰዓት ቆየ፣ ስንት ጀሪካን ተቀዳ፣ ከጎረቤት ወይም ከሻጭ ከተገዛ ስንት ብር። 20 ሊትር የሚይዝ ጀሪካን በቀን ሦስት የሚቀዳ አምስት ሰው ያለበት ቤት ለአንድ ሰው 12 ሊትር ይደርሰዋል። በሁለተኛው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ለ1ኛ ደረጃ ከተሞች የታለመው በቀን ለአንድ ሰው 100 ሊትር ነበር። ሁለቱ ሰፈሮች ለአንድ ጀሪካን የሚያወጡትን ብር ጎን ለጎን ማስቀመጥም አይርሱ፤ ቧንቧው የማይደርሰው ቤት ብዙ ጊዜ ለውሃ የበለጠ ይከፍላል። ታንከር የሌለው ቤት ፈረቃው ሌሊት ሲሆን ማን እንደሚነሳ ይጠይቁ፤ ሴት ልጆች ከሆኑ ይህም ግኝት ነው።

5. የተገኘውን መመዘን

ሁሉም ግኝት ከሦስቱ ዓምዶች በአንዱ ይግባ፦ "ለካን"፣ "አየን"፣ "ነዋሪዎች ነገሩን"። ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር አይፈቀድም። "ፋብሪካው ሌሊት ይለቅቃል" ነዋሪዎች የነገሩን ነው። "ከሦስቱ ቀኖች በሁለቱ በ'ለ' ነጥብ ውሃው ሰማያዊ ነበር፣ በ'ሀ' ግን አልነበረም" ደግሞ ያየነው ነው። ሁለተኛው ዓረፍተ ነገር ማንንም አይከስም፤ ነገር ግን መርማሪ እንዲላክ ለመጠየቅ ይበቃል።

በደረጃ አጠቃቀም ላይም ስህተት ይበዛል። ለምሳሌ ለቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ የተቀመጠው የፒኤች ወሰን ከ6 እስከ 9 የሚለካው ፍሳሹ ከፋብሪካው በሚወጣበት አፍ ላይ ነው። ወንዙ ውስጥ 8 ስላገኛችሁ ፋብሪካው ደረጃውን አሟልቷል አይባልም፤ ወንዙ አቅጥኖት ይሆናል። ከአፉ ላይ መለካት የአካባቢ ጥበቃ ባለስልጣኑ ሥራ ስለሆነ ተማሪ ወደ ፋብሪካ ግቢ አይግባ።

6. የሚመለከተውን ቢሮና ሕጉን ማወቅ

ጉዳዩ ለተሳሳተ ቢሮ ከገባ ወራት ይባክናሉ። በአዲስ አበባ የፋብሪካ ፍሳሽ የከተማው የአካባቢ ጥበቃ ባለስልጣን ጉዳይ ነው፤ የተሰበረ የፍሳሽ መስመርና የውሃ ፈረቃ የውሃና ፍሳሽ ባለስልጣን፤ ገንዳና የቆሻሻ መኪና የጽዳት አስተዳደር። ሁሉም በክፍለ ከተማ ቅርንጫፍ ወይም ጽሕፈት ቤት አላቸውና ከዚያ ይጀመር።

ተማሪዎቹ ራሳቸው ከነጋሪት ጋዜጣው እንዲያነቡ ያድርጉ፣ የተሻሻለ ነገር ካለም ያረጋግጡ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 44 ሁሉም ሰው ንጹህና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖር መብት እንዳለው ይደነግጋል። አንቀጽ 92 ሕዝብ በቀጥታ በሚነካው የአካባቢ ፖሊሲና ፕሮግራም ላይ ሐሳቡን የመስጠት መብት እንዳለው ይናገራል። ለክበቡ ከሁሉ የሚጠቅመው ግን የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 አንቀጽ 11 ነው። ማንም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በአካባቢ ላይ ጉዳት የሚያደርስን ወይም ሊያደርስ የሚችልን ወገን ለባለስልጣኑ አቤት ማለት ይችላል። በ30 ቀን ውስጥ ውሳኔ ካልተሰጠው ወይም በውሳኔው ካልተስማማ በ60 ቀን ውስጥ ፍርድ ቤት መሄድ ይችላል። ተማሪዎቹ ለአካለ መጠን ስላልደረሱ አቤቱታው በወላጆች ኅብረት ወይም በዕድሩ ስም ቢፈረም ይሻላል፤ የተማሪዎቹ ጥናት አባሪ ይሆናል።

7. ደብዳቤው

አንድ ገጽ፣ አንድ ጥያቄ፣ አንድ ቀነ ገደብ። "ወንዙ ይጽዳልን" የሚል ደብዳቤ ማንም ሊፈጽመው ስለማይችል ፋይል ውስጥ ይቀራል። ቅርጹ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

"ጉዳዩ፦ ከድልድዩ በታች ወደ ወንዙ የሚገባ ባለቀለም ፍሳሽ እንዲመረመር ስለመጠየቅ።

የትምህርት ቤታችን ክበብ በጥቅምትና በኅዳር ወራት በሦስት ቀኖች በሦስት ነጥቦች ልኬት አድርጓል። ከሦስቱ በሁለቱ ቀኖች ከቱቦው በታች ሰማያዊ ውሃ ታይቷል፤ ከቱቦው በላይ አልታየም። በዚህ ውሃ የሚጠቀሙ ሁለት መንደሮች አሉ። ካርታ፣ የልኬት ሠንጠረዥና ፎቶዎች በ6 ገጽ ተያይዘዋል። መሥሪያ ቤታችሁ በሥራ ቀን ጠዋት ከቱቦው አፍ ናሙና ወስዶ ውጤቱን በ15 የሥራ ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንዲያሳውቀን በአክብሮት እንጠይቃለን።"

ደብዳቤው በሁለት ቅጂ ይሂድ። አንዱ መዝገብ ቤት ይቀራል፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማህተም ሳይደረግ ከቢሮው አትውጡ። በቃል "ደርሶናል" መባል በኋላ ምንም አያስረዳም። ግልባጭ ለወረዳው ይደረግ። ከ15 የሥራ ቀን በኋላ ሁለት ተማሪና አንድ ወላጅ የገቢ ቁጥሩን ይዘው ጉዳዩ ማን ጠረጴዛ ላይ እንዳለ ይጠይቁ፣ የባለሙያውን የሥራ ድርሻና የሰጠውን መልስ ይመዝግቡ። ባለሙያው ብዙ ጊዜ መኪናና የመመርመሪያ ዕቃ የሌለው ሰው ነው፤ በአክብሮት ከቀረቡት ራሱ የሚሻለውን መንገድ ይጠቁማል።

ደብዳቤው ከመግባቱ በፊት ግን ግኝቱ መጀመሪያ ለነዋሪዎቹ ይቀርባል። በዕድር ስብሰባ ላይ 20 ደቂቃ ይጠይቁ፣ ካርታውን ግድግዳ ላይ ይስቀሉ፣ ተማሪዎቹ በተራ ያስረዱ። "ይህ ትክክል ነው? የጎደለው ምንድን ነው? እንዳይጻፍ የምትፈልጉት አለ?" ብለው ይጠይቁ። ሰዎቹ ቢሮ ከመሄድ ይልቅ ሌላ ነገር የሚሻል ከመሰላቸው፣ ለምሳሌ ገንዳው ከምንጩ ራቅ እንዲል፣ ጥያቄው ይቀየር። ነዋሪው ያላመነበትን አቤቱታ ክበብ ብቻውን ይዞ አይሄድም።

ሥራው የሚሰናከልባቸው ቦታዎች

የጽዳት ዘመቻ ሁሉን ይውጣል፤ ፎቶው ያምራል፣ ሪፖርት ይሞላል፣ ጥያቄው ይረሳል። ማጽዳት ካስፈለገ የተሰበሰበው ቆሻሻ በዓይነትና በኪሎ ተመዝኖ ማስረጃ ይሁን። መምህሩ ደብዳቤውን ራሱ ከጻፈው ተማሪዎቹ ተላላኪ ሆነው ይቀራሉ፤ የቋንቋ ስህተቱን አርመው ሐሳቡን ይተዉላቸው። ጉዳዩን ወደ ፖለቲካ የሚወስድ ሰው ሊመጣ ይችላል፤ ከልኬቱና ከአዋጁ አንቀጽ ውጭ ምንም አለመናገር ተማሪዎቹን ይጠብቃቸዋል። ውጤቱን በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ የድርጅት ስም ጠቅሶ መለጠፍ እስከ መጨረሻው ክልክል ነው፤ የቢሮው ምርመራ ሳይኖር የስም ማጥፋት ክስ ሊያስከትል ይችላል።

የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ሲመረቁ ጉዳዩ አብሮ እንዳይወጣ አንድ ማህደር በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ይቀመጥ፦ የካርታው ቅጂ፣ የልኬት ቅጾቹ፣ ማህተም ያረፈበት ደብዳቤ፣ የክትትል መዝገብና ቀጣዩ ቀጠሮ። በመስከረም አዲሱ ክበብ ሲቋቋም የመጀመሪያው ሥራው የገቢ ቁጥሩን ይዞ ቢሮ መሄድ፣ ሁለተኛው በጥቅምት በእነዚያው ሦስት ነጥቦች በዚያው አሠራር እንደገና መለካት ነው።